ክንድ ያለው የባቡር ምልክት

ባቡር እንደ ፈረስ ልጓሙ ሲያዝ ወዲያው የሚቆም አይደለም። ስለዚህ እንግሊዞች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1840ዎቹ ዓመታት ዠምሮ፥ ነጂው ከሩቅ እንዲያይ፥ በረዥም ምሰሶ ላይ የሚንቀሳቀስ ክንድ አቆሙ። ክንዱ ሲዘረጋ «ቁም»፥ ሲወርድ «እለፍ» ማለት ነው። የሚያንቀሳቅሰውም በሽቦ የሚጎትተው የጠባቂው ጉልበት ነው።

በጥንቱ ልማድ ግን ክንዱ ዘወትር «እለፍ» እንዳለ ይውል ነበር። ጃንዋሪ 21 ቀን 1876 በአቦትስ ሪፕተን የወረደው በረዶ ክንዱን በምሰሶው ስንጥቅ ውስጥ አጣብቆ ያዘው። ጠባቂው «ቁም» ሊል ቢደክምም ምልክቱ አልታዘዘም። ከኤዲንበርግ የመጣው ፈጣን ባቡር ከሰል ከጫነው ባቡር ጋር ተጋጨ፤ ጥቂት ቈይቶም ከለንደን የመጣ ሌላ ባቡር በስብርባሪው ላይ ወጣበት። ብዙ ነፍስ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ክንዱ ዘወትር «ቁም» ብሎ እንዲቆይ፥ መንገዱ ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲወርድ ተደረገ። እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ለማሰብ ያን ያህል ሞት ማስፈለጉ ያሳዝናል።

ዛሬ የኤሌክትሪክ መብራት ቦታውን በብዛት ወስዶበታል። ሆኖም በ1903 በሽሩዝበሪ የተሠራውን ባለ180 ዘንግ የምልክት ቤት፥ በአካባቢውም የቀሩትን ክንዶች ለማየት ወዳጆቻቸው ፎቶግራፍ ማንሻቸውን ይዘው ይጓዛሉ። መብራት ቀለሙን ለውጦ ዝም ይላል፤ ሽቦው ሲሳብ፥ ክንዱም ሲንቀጠቀጥ ግን የሰው እጅ እንዳለበት በዓይን ይታያል።