ለመጨረሻው ፈተና የሚያስፈልገውን ማርክ አስቀድሞ ስለ ማስላት

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተማሪው እርሳስና ወረቀት ይዞ «በመጨረሻው ፈተና ስንት ባገኝ ይበቃኛል?» እያለ ሲያሰላ ማየት የተለመደ ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የሴሚስተሩ ሥራ ከመቶ 60፣ የመጨረሻው ፈተና 40 ቢይዝና ተማሪው እስካሁን በአማካይ 72 አግኝቶ ቢሆን፣ በእጁ ያለው 43.2 ነጥብ ነው። ጠቅላላው 80 እንዲሆንለት ቢፈልግ 36.8 ይቀረዋል፤ ይህም ለ0.4 ሲካፈል 92 ይሆናል። 85 ቢመኝ ግን መልሱ 104.5 ስለሚወጣ ምኞቱን መተው ይኖርበታል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሒሳቡን ሳይሆን፣ ተማሪ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ እንዴት እንደ ቻለ ነው። ጥያቄው መልስ እንዲኖረው ሁለት ነገሮች አስቀድመው መታወቅ አለባቸው፤ እነርሱም የእያንዳንዱ ሥራ ድርሻና የማርኩ ወሰን ናቸው።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ሁለቱም የሉም። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሲሄድ የሚጠበቅበት ሁሉን ማወቅ ነው። ከመቶ ሰማንያ የሚባል ድጓ የለም። መምህሩ ካልረካ ተማሪው ተመልሶ ይደግማል።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ የጀመረው በቁጥር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 የዬል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ኤዝራ ስታይልስ 58 ተማሪዎችን መርምሮ 20ውን ከምርጦቹ፣ 16ቱን ከሁለተኞቹ ምርጦች፣ 12ቱን ከዝቅተኞቹ፣ 10ሩን ከመጨረሻዎቹ መደባቸው። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ስንት ነጥብ እንደ ጐደለው ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አልነበረም። በ1897 ማውንት ሆልዮክ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ ፊደልን ከመቶኛ ጋር አያይዞ፣ ከ95 እስከ 100 ያለው «ኤ»፣ ከ75 በታች ያለው ውድቀት መሆኑን ወሰነ። ወሰኑ ታወቀ ማለት ነው።

ነገር ግን ቁጥሩን የሚሰጠው ሰው ነው። በ1908 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማክስ ሜየር የመምህራኑን ማርክ መርምሮ ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንዱ መምህር ከተማሪዎቹ 55 በመቶ ለሚሆኑት ከፍተኛውን ማርክ ሲሰጥ ሌላው 1 በመቶ ለሚሆኑት ብቻ እንደሚሰጥ አሳየ። መድኀኒት ብሎ ያቀረበውም ማርክ በደረጃ እንዲከፋፈል ነበር፤ ይኸውም 3 በመቶ እጅግ ከፍተኛ፣ 22 በመቶ ከፍተኛ፣ 50 በመቶ መካከለኛ፣ 22 በመቶ ዝቅተኛ፣ 3 በመቶ ውዳቂ። ይህ አሠራር ለጋሱንና ስስታሙን መምህር ያስተካክላል፤ የተማሪውን ሒሳብ ግን ያፈርሰዋል። ወሰኑ ያለው በጎረቤቶቹ ወረቀት ላይ ስለ ሆነ፣ 92 ይበቃው እንደ ሆነ የሚያውቀው ሁሉም ከተፈተኑ በኋላ ነው። ከዚህም የሚከፋው ጓደኛን ማስጠናት ራስን መጉዳት መሆኑ ነው።

አንዳንድ መምህራን ማርኩን የሚያሰላ ተማሪ ዕውቀትን ትቶ ነጥብ ያሳድዳል ብለው ይነቅፉታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ድርሻውና ወሰኑ በሴሚስተሩ መጀመሪያ በጽሑፍ የተሰጠው ተማሪ ከመምህሩ ጋር ውል ገብቷል፤ ውጤቱ ባይገባው ወረቀቱን ይዞ መጠየቅ ይችላል። አማካይ ውጤቱ ከ2.00 ወርዶ ከትምህርት ገበታ ሊሰናበት ለሚችል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችን በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሒሳቡ ሌላ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በተፈተኑ ጊዜ ማለፊያው 50 በመቶ ነበር፤ እዚያ የደረሱት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የክፍል ሥራ ድርሻው ዜሮ ስለ ሆነ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንደኛ የወጣውም መጨረሻ የወጣውም የሚያስፈልጋቸው ያው 50 ነበር። ከዚያ በኋላ ካላለፉት መካከል ለተመረጡት በተሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ግን 30 ነጥብ ለተቋሙ፣ 70 ነጥብ ለማዕከላዊው ፈተና ተመደበ። ስለዚህ ከ30ው 24 ያገኘ ከ70ው 26 ይበቃው ነበር፤ 12 ያገኘውም 38 እንደሚቀረው ከፈተናው ቀን በፊት ያውቅ ነበር።