ቢሊ ሆሊደይና መብራት ጠፍቶ የተዘፈነው ዘፈን

ልጆቻችን ጃዝ ሲከፍቱ «ይሄ ደግሞ የምን ጩኸት ነው?» ብለን ያለፍን ብዙዎች ነን። ዛሬ ስለ አንዲት የጃዝ ዘፋኝ እናጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቢሊ ሆሊደይ በ1915 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ተወለደች። ያደገችው ባልቲሞር ነው፤ እናቷ ለሥራ ስትርቅ በሰው እጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት እየቀረች ስላስቸገረች ገና 10 ዓመት ሳይሞላት ወደ ማረሚያ ቤት ተላከች። ኋላ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ገብታ በምሽት ቤቶች መዝፈን ጀመረች። ድምጿ ትልቅ የሚባል አይደለም። ከሙዚቃው ትንሽ ዘግየት ብላ፣ አጠገቧ ላለ አንድ ሰው የምታወራ ይመስል ነበር የምትዘፍነው። በ1938 ከነጮች ባንድ ጋር ስትሠራ ኒውዮርክ ያለ አንድ ሆቴል በዕቃ ማመላለሻው ማዓሊት እንድትወጣ አደረጋት። ስሟ በር ላይ ተለጥፎ እኮ ነው!

በዚያው ዘመን ብሮንክስ ውስጥ አቤል ሚሮፖል የሚባል አስተማሪ ነበር፤ ከሩሲያ የተሰደዱ አይሁድ ልጅ። ሁለት ጥቁር ወጣቶች በመንጋ ተገድለው ዛፍ ላይ የተሰቀሉበትን ፎቶ አይቶ ከአእምሮው አልጠፋ ስላለው ግጥም ጻፈ፣ ዜማም አወጣለት። «እንግዳ ፍሬ» ይባላል፤ ፍሬ ያለው የተሰቀሉትን ሰዎች ነው። (ቢሊ በኋላ ዜማው ላይ እጄ አለበት ብላለች፤ እውነቱ ግን የአስተማሪው ነው።)

በ1939 ዘፈኑን ካፌ ሶሳይቲ ወደሚባል ቤት አመጣላት። ባለቤቱ ባርኒ ጆሴፍሰንም የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ጥቁርና ነጭ አብረው የሚቀመጡበት፣ ያኔ ብርቅ የሆነ ቤት ከፍቶ ነበር። ቢሊ መጀመሪያ ፈራች። ግን አባቷ በ1937 ቴክሳስ ውስጥ በሳንባ ምች ሞቷል፤ ጥቁር ስለሆነ ሐኪም ቤት አላስገባ ብሎት ነው ትል ነበር። ዘፈኑ እሱን አስታወሳት።

የምሽቱ መጨረሻ ላይ አስተናጋጆች ሥራ ያቆማሉ፣ መብራት ይጠፋል፣ ፊቷ ላይ አንድ ብርሃን ብቻ ይቀራል። ስትጨርስ ትወጣለች፤ ቢጨበጨብም አትመለስም። ያሳትማት የነበረው ትልቁ ኩባንያ ኮሎምቢያ ይህን ዘፈን አልቀርጽም አለ። ኮሞዶር የሚባል ትንሽ ኩባንያ ቀረጸው።

ሄሮይን ላይ ወድቃ እንደነበር አንደብቅም። በ1947 ታሰረች። የጎዳት ግን ከእስሩ በኋላ የመጣው ነው ባዮች ነን። ኒውዮርክ ውስጥ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ለመዝፈን የፖሊስ ካርድ፣ እኛ ሪሺዮን የምንለው፣ ያስፈልግ ነበር። ያንን ነጠቋት። ከተፈታች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትልቁን ካርኔጊ አዳራሽ ሞልታ ዘፈነች፤ እንጀራዋ በሆኑት ምሽት ቤቶች ግን እስክትሞት አልተፈቀደላትም።

በ1959 ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለች ዕፅ ተገኘባት ተብላ እዚያው ተያዘች፣ ክፍሏ በር ላይም ፖሊስ ቆመ። ጁላይ 17 ቀን አረፈች፤ ገና 44 ዓመቷ ነበር። ባንክ ውስጥ የተገኘው ገንዘቧ 70 ሳንቲም ነው።

የ1939ኙን ቅጂ ልጆቻችሁ በስልክ ያገኙላችኋል። ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው።