ገመዱ በማን እጅ ነው? ከ1960ው የጎጃም እምቢታ እስከ ቡሬ ፓርክ

“የአየር ንብረት ለውጥ የሚሉት የፈረንጅ ወሬ ነው፤ የኤንጂኦ እንጀራ ነው” የሚል ሰው በየሰፈራችን አይጠፋም። ያንኑ ሰው ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብትጠይቁት “የሀብታም መደለቢያ ነው” ይላችኋል። ስለ ምርጥ ዘር ብታነሡበት ደግሞ “ገበሬውን ጥገኛ ለማድረግ ነው” ይላል። ሁሉንም መጠርጠር ብልህነት ይመስለዋል።

እኔ በዚህ ሰው አልስቅም። ከሦስቱ ጥርጣሬዎቹ ሁለቱ መሠረት አላቸው። ሦስተኛው ግን የራሱ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሠርቶ የሸጠለት ነው። ልዩነቱን ለማየት ወደ ምዕራብ ጎጃም፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አገር እንሂድ። ነገሩ የሚጀምረው ከ1960 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ገበሬው ከሚያገኘው ገቢ ላይ እንዲከፍል የሚያደርግ ነበር። በወረቀት ሲያዩት ክፉ አዋጅ አልነበረም፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ይላል። እንዲያውም አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ፓርላማ ውስጥ የተቀመጡ ባለመሬቶች ይገኙበታል።

ጎጃም ግን እምቢ አለ። ሞጣ ተነሣ፣ ባሕር ዳር አውራጃ ተነሣ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚገኙበት ዳሞትም ተነሣ። ገቢ ሊገምቱ የመጡ ሰዎች ተመለሱ። መንግሥት መጀመሪያ አስረጂ መልእክተኞች ላከ፤ ባላገሩ አዋጁ አልገባውም ብሎ ነበርና። ማስረዳቱ ሳይሆን ሲቀር ጦር ተላከ። የአየር ኃይል አውሮፕላኖች የገዛ አገራቸውን መንደር ደበደቡ። በመጨረሻ ግን የተሸነፈው መንግሥት ነበር። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን መጡ። የ18 ዓመት ገደማ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ባላገሩ በእርግጥ አዋጁ አልገባውም ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ከጻፉት ሰዎች በላይ ገብቶታል።

በጎጃም መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት ማለት የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ ከአንድ አቅኚ አባት የተወለደ ሁሉ የሚጠይቀው ድርሻ ነው። ዛሬ የሌለህ ነገ በእናትህ ወገን ቆጥረህ ልታገኝ ትችላለህ። ይህን መሬት ገምቶ፣ ለክቶ፣ በአንድ ሰው ስም መዝገብ ላይ ማስፈር ማለት የሌሎቹን ጥያቄ መዝጋት ነው። ባላገሩ ደግሞ መለካት ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በደቡብ ቀላድ የተጣለበት አገር ምን እንደ ሆነ የተሰወረ ነገር አልነበረም፤ መሬቱ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ተከፋፈለ፣ ነባሩ ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ነው ጎጃም በ1930ዎቹም መሬቴ አይለካም ብሎ የቀደመ ግብሩን ብቻ እየከፈለ የቆየው።

በሌላው የአገሪቱ ክፍል ምን እየሆነ እንደ ነበር ደግሞ እዩ። በ1940ዎቹ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከፈተ። በ1950ዎቹ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ማልማት ጀመረ። በአዋሽ ዳር ከብቱን በበጋ ያሰማራ የነበረው አፋር የግጦሽ መሬቱን አጣ። በካርታ ላይ የአፋሩ ግጦሽ “ባዶ መሬት” ነበር። ባለቤቱን የማይጠይቅ መለኪያ ሁልጊዜ ባዶ መሬት ያገኛል።

እውነቱን ለመናገር የ1960ውን እምቢታ ቅዱስ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ከአመፁ ጀርባ ጥቅማቸው የሚነካባቸው የአካባቢ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ። ርስቱም ቢሆን ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ ጉልበትና ዘመድ ያለው የተሻለውን ይይዝ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ከርስት ውጭ ነበሩ። የድሃውን ጥርጣሬ ባለጸጋው ሊጋልበው ይችላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ገመዱ በ1989 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። የአማራ ክልል መንግሥት መሬት አከፋፈለ። መሬት ለሌላቸው ወጣቶች መስጠት ጥሩ ዓላማ ነበር። ነገር ግን ለክፍፍሉ ሰው በወገን ተለየ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹመት የነበረው “ቢሮክራት” ተብሎ 1 ሄክታር ብቻ ተተወለት፤ ሌላው እስከ 3 ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። የምስራቅና የምዕራብ ጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። ያኔም “አልገባቸውም” ተባለ።

አሁን ግን የታሪኩን ወሳኝ ቦታ ልብ በሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ያው ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። ይህም መለካት ነበር፤ ገመድ ተጎተተ፣ ወሰን ተቆጠረ፣ ስም ተጻፈ። የ1960 እምቢተኞች ልጆች ምን አደረጉ? ጠመንጃ አላነሡም። ተሰልፈው ተመዘገቡ፤ የባልም የሚስትም ስም በደብተሩ ላይ ሰፈረ። ልኬቱን የሚሠራው ጎረቤት የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ ነበር፤ ወሰንተኞቹም ቆመው ያዩ ነበር፤ ወረቀቱም በገበሬው እጅ ገባ።

ስለዚህ ባላገሩ መለካትን ጠልቶ አያውቅም። የጠላው መዝገቡ በሌላ ሰው እጅ የሚቀርበትን መለካት ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ገመዱ በማን እጅ ነው? ሒሳቡስ ለማን ይነገራል?

በዚህ ጥያቄ የዛሬውን ቡሬ እንይ። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ የሆነው ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ሥራ ጀመረ። ዘይት ከውጭ በዶላር የምትገዛ አገር ፋብሪካ ያስፈልጋታል፤ እኔ ፋብሪካ አልጠላም። ነገር ግን ፓርኩ ያረፈበት መሬት ትናንት በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚበቅልበት ማሳ ነበር።

ፓርኩ ሲጀመር በሥራ ላይ የነበረው የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 455/1997፣ መሬቱን ለዘለቄታው ለለቀቀ ገበሬ የዓመት አማካይ ገቢውን 10 እጥፍ ይከፍል ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ይህን ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። መሻሻል ነው። ግን ሁለቱም የሚያሰሉት ገበሬው ከመሬቱ ሲያገኝ የነበረውን ነው፤ መሬቱ በአዲሱ ባለይዞታ እጅ የሚያወጣውን አይደለም። በሕጉ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው የሚካሰው እንደ ሻጭ አይደለም። 15 ዓመት ያልፋል። በ16ኛው ዓመት ልጁ የት ያርሳል? ከኋላው የመጣው ባለሀብት ግን ያን ጊዜም ሊዙ በእጁ ነው። የሀብት ልዩነት ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ ጊዜ የሚሠራለት፣ ሌላው ጊዜ የሚያልቅበት።

ጉዳዩ በፓርኩ አያበቃም። በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ያለው የብር ሸለቆ እርሻ በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ነበር፤ ኋላ የሚድሮክ ቤተሰብ ወደሆነው ኢትዮ አግሪ ሴፍት ዞረ። የአካባቢው ገበሬ መንግሥቱም ኩባንያውም ሲያርሱት አየ፤ ለእሱ ግን አልተመለሰም። የበቆሎ ዘሩን ደግሞ ተመልከቱ። “ሾኔ” የሚሉት የፓዮኒር ዘር ነው፤ ፓዮኒር ዛሬ ኮርቴቫ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥር ነው። ምርቱ ጥሩ ነው፤ ገበሬው ራሱ ይመሰክራል። ድቅል ዘር ስለሆነ ግን ከጎተራ አስቀርተህ ብትዘራው ምርቱ ይወርዳል፤ በየዓመቱ መግዛት አለብህ። ማዳበሪያውም ከውጭ ይመጣል። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ሲጠፋ የአማራ ክልል ገበሬዎች አደባባይ ወጥተው የጮኹት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ መጣና ሒሳብ መጠየቅም ሒሳብ መመለስም ይበልጥ ከባድ ሆነ።

እዚህ ድረስ ተጠራጣሪው ወዳጃችን ትክክል ነው። በትልቅ ገንዘብ ፊት ሒሳብ መጠየቅ ድንቁርና አይደለም፤ የአያቶቹ ውርስ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥርጣሬ። “የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው” የሚለው ከየት መጣ?

ከቡሬ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1977 የኤክሶን ነዳጅ ኩባንያ የራሱ ሳይንቲስት ለአለቆቹ ነዳጅ ማቃጠል የምድርን አየር እንደሚያሞቅ ገለጸላቸው። ኩባንያው ተመራማሪ ቀጥሮ አስጠና። እ.ኤ.አ. በ2023 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እነዚያን የኩባንያውን የውስጥ ትንበያዎች ከኋላው ከሆነው ሙቀት ጋር ሲያመዛዝን አብዛኞቹ ትክክል ሆነው ተገኙ። ያም ሆኖ ኤክሶንና መሰሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አውጥተው፣ ሳይንሱ አልተረጋገጠም ሲሉ ኖሩ። ዘዴውን የተማሩት ከሲጋራ ኩባንያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ የሲጋራ ኩባንያ በውስጥ ሰነዱ ላይ የምንሸጠው ዕቃ ጥርጣሬ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሮ ነበር።

ልዩነቱን አያችሁ? የዳሞት ገበሬ የተጠራጠረው ሒሳቡ ስላልተነገረው ነው። ኤክሶን ጥርጣሬ የዘራው ሒሳቡን ስለሚያውቅ ነው። አንዱ ጥርጣሬ “መዝገቡን ክፈቱት” ይላል፤ ሌላው መዝገቡ እንዳይከፈት በር ላይ ይቆማል። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህ ነው፤ የድሃውን ጥርጣሬ ባለጸጋው ሲጋልበው።

በእኛም አገር መለኪያው አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። ዝናቡን በተመለከተ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይጠነቀቃሉ፤ በክረምቱ ጠቅላላ መጠን ላይ ቀጥ ያለ ፍርድ አይሰጡም። ለገበሬው ግን ጠቅላላ መጠኑ ብቻውን ምንም አይደለም። ዝናቡ መቼ ጀመረ፣ መቼ አቆመ፣ በቆሎው ሲያብብ ነበር ወይ? የእሱ ሒሳብ ይህ ነው። በዓለም ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ኦክስፋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ስሌት ደግሞ የዓለም ሕዝብ 1 በመቶ የሆኑት ሀብታሞች ብቻ ከጠቅላላው ልቀት 16 በመቶውን ያወጣሉ፤ ይህም የ5 ቢሊዮን ድሆች ልቀት ያህል ነው።

አበው “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ይሉ ነበር። ዘመኑ ተገለበጠ። ሰማዩ ታርሷል፤ ያረሱትም በየፍርድ ቤቱ እየተከሰሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ለተጎዱ አገሮች የጉዳት ማካካሻ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተዋል። የሚገባው ገንዘብ ከጉዳቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ገበሬው ጋ ይደርሳል ወይ የሚለውም በደንብ ሊጠረጠር ይገባል። የካርበን ንግድን ጠርጥሩ። በዘመቻ የተተከለው ችግኝ ስንቱ ጸደቀ ብላችሁ ጠይቁ። ፈንዱ ስንቱ ለወርክሾፕና ለአበል ዋለ በሉ። ይህ ሁሉ የ1960 ዓይነት ጥርጣሬ ነው፤ ክቡር ጥርጣሬ።

ጉዳቱን መካድ ግን ሌላ ነገር ነው። እስቲ አስቡት፤ መሬቱ ለፓርክ የተወሰደበት የቡሬ ገበሬ ካሳ ገማቾቹ ፊት ቆሞ “ኧረ መሬቴ አልተወሰደም” ይላል? አይልም። እንዲህ ያለ ሞኝ ጎጃም አላበቀለችም። “የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው” የምንል ሰዎች ግን በትክክል ይህን እያደረግን ነው። ባለዕዳው አልከፍልም ለማለት የሠራውን ቃል ባለመብቱ በነፃ እየደገመለት ነው።

የዳሞት ሰው በ1960 አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ገመዱን የያዘውን ሰው ዐይን ዐይኑን እዩት። ገመዱን መካድ ግን አላስተማረንም።