በጽሑፉና በሥራው መካከል ያለው ርቀት፦ ኮድን ከኤዲተር ውስጥ የማስኬድ አጭር ታሪክ



ዛሬ ተማሪ ኮድ እየጻፈ ሳለ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ውጤቱን እዚያው ያያል። ነገሩ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ታሪክ ያለው አይመስልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጻፍና ማስኬድ በቦታም በጊዜም የተለያዩ ተግባራት ነበሩ። ፕሮግራሙ በወረቀት ይሰፍራል፤ ከዚያም በካርድ ላይ ይበሳል፤ የካርዱ ክምር ለማሽኑ ኦፕሬተር ይሰጣል፤ ውጤቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ታትሞ ይመለሳል። አንዲት ሰረዝ ብትጎድል ወረፋው እንደ ገና ይጀመራል።

ይህን ርቀት በማጥበብ ረገድ የዳርትመዝ ኮሌጅ ሥራ ልዩ ቦታ አለው። ሁለቱ የሒሳብ መምህራን ጆን ኬመኒና ቶማስ ከርትዝ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሠሩት ቤዚክ የተሰኘው ቋንቋ ሜይ 1 ቀን 1964 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ተማሪው በቴሌታይፕ ፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን መስመር በቁጥር ይጽፋል። 30ኛውን መስመር ማረም ቢፈልግ 30 ብሎ እንደ ገና ይጽፈዋል፤ አዲሱም አሮጌውን ይተካል። ከዚያ «ረን» ብሎ ያዝዛል። ኤዲተሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የቀለለ አላውቅም። ልብ በሉ፤ የዳርትመዝ ቤዚክ ኮምፓይለር ስለ ነበር በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፕሮግራሙን በሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተረጉመው ነበር። በወረቀቱ ላይ የታተመውና ማሽኑ የሠራው አንድ ነበሩ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው መንገድ ከኤምአይቲ ይነሣል። በዚያ ቴኮ የተባለው ኤዲተር ትእዛዞቹ ራሳቸው የፕሮግራም ቋንቋ ነበሩ፤ የተጻፈ ጽሑፍን ወስዶ እንደ ትእዛዝ መፈጸም ይችል ነበር። በ1976 ኢማክስ የበቀለው በዚሁ በቴኮ ማክሮዎች ላይ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ያወጣው ጂኤንዩ ኢማክስ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ በሊስፕ የተጻፈ ነው። ጠቋሚውን ከመዝጊያው ቅንፍ ቀጥሎ አኑሮ ኮንትሮል ኤክስ፣ ኮንትሮል ኢ መጫን ያንን አንድ ሐረግ ብቻ ያስኬዳል። የሚቀየረውም በሥራ ላይ ያለው ኤዲተር ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን ሳይለቁ ምሰሶውን እንደ መለወጥ ነው።

ለብዙኃኑ ግን ነገሩን ያደረሰው ቱርቦ ፓስካል ነው። ቦርላንድ በ1983 በ49.95 ዶላር የሸጠው ይህ ምርት ኤዲተሩንና ኮምፓይለሩን ከ40 ኪሎባይት ባነሰ ፋይል አጣምሮ ይዞ ነበር። ፕሮግራሙን በማስታወሻ ቋት ውስጥ ስለሚተረጉም ዲስክ መጠበቅ አላስፈለገም። ስሕተት ሲያገኝ ቆሞ ጠቋሚውን ስሕተቱ ካለበት ላይ ያኖረዋል።

አሁን ወደ ተውኩት ነጥብ ልመለስ። ከሁለቱ መንገዶች ዘመናችንን የወረሰው የኢማክሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሐረጉን መርጦ ማስኬድ፣ የቀረውን በቋት ውስጥ እንዳለ መተው። በ2011 የወጣውና በኋላ ጁፒተር የተባለው ማስታወሻ ደብተር እንዲሁ ይሠራል። ተማሪው አንድ ተለዋዋጭ ይሰይማል፤ ያስኬደዋል፤ ከዚያ ያንን ክፍል ይሰርዘዋል። ጽሑፉ ጠፍቷል፤ እሴቱ ግን በቋት ውስጥ አለ። የተከታዩ ስሌት በዚያ በማይታይ እሴት ላይ ተመሥርቶ ትክክል የሚመስል ሰንጠረዥ ያወጣል። በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ግን አይሠራም፤ ወይም፣ ይህ የባሰው ነው፣ ሌላ ቁጥር ያወጣል። ለመመረቂያ ጥናት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ማስታወሻ ደብተር ለግምገማ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የማየው ውጤቱን ሳይሆን በየክፍሉ ግራ በቅንፍ ያለውን ቁጥር ነው። ከ7 ቀጥሎ 3፣ ከ3 ቀጥሎ 12 ከሆነ ጽሑፉ የተነበበበትና የሠራበት ቅደም ተከተል ተለያይተዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቋቱን አጽድቼ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አስኬዳለሁ፤ የዳርትመዝ ተማሪ በ1964 «ረን» ሲል ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው።