ጅቡ ስንት ዓይን ይኑረው?

የሰፈራችን ልጅ ናት። የሥነ ጥበብ ተማሪ ነች፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። «ጋሼ» ነው የምትለኝ፤ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ ብዬ ብለምናትም አልተወችኝም። ባለፈው ሰሞን ከሕንፃችን ሥር ካለችው የጀበና ቡና ቤት አስቀመጠችኝና ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። የመጀመሪያው የኮሚክ መጽሐፏ ረቂቅ ነው። 24 ገጽ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ነዋሪዎች ተዋጥተው የሌሊት ዘበኛ ይቀጥራሉ። ዘበኛው በደመወዝ አይከራከርም፣ እንቅልፍ አያውቅም፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሲያየው ጅራቱን ቆልፎ ይሮጣል። ካፖርት የለበሰ ጅብ ነው። ነዋሪው አንድ በአንድ ይጎድላል፤ ኮሚቴው ግን በየእሁዱ ተሰብስቦ የሚነታረከው ስለ ውኃ ሞተር መዋጮ ነው። «አቶ እገሌ ለምን አልከፈሉም?» ይባላል። አቶ እገሌ ተበልተዋል። ሳቅሁ። የሚቀጥለውን ገጽ ስገልጠው ግን ደረጃው ላይ የአንድ ሕፃን ጫማ ብቻውን ቆሟል። ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ላይ የላጲስ ጠባሳ በዛብኝ። «እዚህ ምን ነበር?» አልኳት። «ቀልድ ነበር፤ አጠፋሁት» አለችኝ። አንድ መምህሯ «ወይ አስፈሪ ይሁን ወይ አስቂኝ፣ አንዱን ምረጪ» ብሏታል። የማተሚያ ገንዘብ ሊሰጣት ያሰበ ዘመዷ ደግሞ «ልጆች ቢያዩትስ?» ብሎ ጠይቋል። እስካሁን ማንም አልከለከላትም። «ሰው ሳይነግረኝ በፊት ራሴ ባጠፋው ይሻላል ብዬ ነው» አለችኝ።

ይችን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ቡናዬን አስቀመጥኩ። በኮሚክ ታሪክ ውስጥ ይኸው ነገር አንድ ጊዜ በትልቁ ተደርጓል፤ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በ1954። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊልያም ጌይንስ ኮሚክ የማሳተም ሐሳብ አልነበረውም። የኬሚስትሪ መምህር ለመሆን ይማር ነበር። በ1947 አባቱ በጀልባ አደጋ ሞተና ኢ.ሲ. የሚባለው ድርጅት እጁ ላይ ወደቀ። አባትዬው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በሥዕል የሚያሳትም ሰው ነበር፤ «ኢ»ዋ በእንግሊዝኛ «ትምህርታዊ» ማለት ነበረች። ልጁ ፊደሏን ሳይነካ ትርጉሟን «አዝናኝ» አደረጋት። ከአል ፌልድስታይን ጋር ሆኖም በ1950 ሦስት የአስፈሪ ታሪክ መጽሔቶች ጀመረ። በጣም የሚታወቀው «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት» ነው። ዋጋው 10 ሳንቲም።

እነዚህን መጽሔቶች ከሌሎቹ የለያቸው ሬሳው አይደለም፤ ሬሳ ሁሉም ነበራቸው። የለያቸው በር ላይ የቆመው ሰው ነው። እያንዳንዱ ታሪክ የሚከፈተው በአንድ አስተናጋጅ ነው፦ የመቃብር ቤቱ ጠባቂ፣ የምድር ቤቱ ጠባቂ፣ አሮጊቷ ጠንቋይ። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ዘበኞች ናቸው! ፊታቸው የተበላሸ፣ ጥርሳቸው የረገፈ፣ አፋቸው ግን የማያርፍ። አንባቢውን ይሰድቡታል፣ እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ፣ ታሪኩ ሲያልቅ ደግሞ ሬሳው ላይ ቆመው ቃል እየጠመዘዙ ይቀልዳሉ። ልማዱን ያገኙት ከሬዲዮ ነው፤ ጌይንስና ፌልድስታይን ልጅ ሳሉ ጠንቋይቱ ኔንሲ የምትተርክበት የአስፈሪ ታሪክ ፕሮግራም ነበር፤ በኋላም በ1941 የጀመረውና በሚያንጣጣ በር የሚከፈተው «ኢነር ሳንክተም» መጣ።

ለምን ይቀልዳሉ? እኔ እንደሚገባኝ፣ ሌሊት በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ለሚያነበው ልጅ ቀልዱ አንድ መልእክት አለው። «ይህን የምነግርህ እኔ ነኝ፣ አጠገብህ ነኝ» ይለዋል። ፍርሃቱን አያጠፋበትም፤ ፍርሃቱ ውስጥ ብቻውን አይተወውም። ቀልዱን ላጲስ ብታስነካው ልጁ ሬሳው ጋር ብቻውን ይቀራል።

አሁን ለተማሪዋ የነገርኳትን ሰው ላምጣ። ጃክ ዴቪስ ይባላል። የጆርጂያ ልጅ ነው፤ ኒው ዮርክ መጥቶ በአርት ስቱደንትስ ሊግ ሥዕል ተማረ፣ ሥዕሎቹን በብብቱ ይዞ ከአሳታሚ አሳታሚ ሲዞር ኢ.ሲ. ቀጠረው። በ1953 «ፋውል ፕሌይ» የሚባል የቤዝቦል ታሪክ ሣለ። አንድ ተጫዋች ተቀናቃኙን በመርዝ ይገድለዋል፤ የሟቹ ጓዶች ደርሰውበት እኩለ ሌሊት ላይ ሜዳ ወጥተው ግጥሚያ ያደርጋሉ። የሚጫወቱት በገዳዩ አካል ነው። አንጀቱ የሜዳው መስመር፣ ጭንቅላቱ ኳስ። ቡናችሁን አስጣልኳችሁ መሰለኝ፤ ይቅርታ። ግን ሥዕሉን ስታዩት የምትይዙትን ታጣላችሁ፤ ተጫዋቾቹ ማልያቸውን ለብሰው፣ እንደ ደንቡ ቦታ ቦታቸውን ይዘው፣ በትጋት ነው የሚጫወቱት። ሳቁ ያለው እዚያ ትጋት ውስጥ ነው።

እዚያው ቢሮ ውስጥ ሃርቪ ኩርትዝማን የሚባል ሌላ ሠዓሊ ነበር። በ1952 መገባደጃ «ማድ» የተባለውን የፌዝ ኮሚክ ጀመረ። ኩርትዝማን፣ ፌልድስታይንና ዊል ኤልደር የኒው ዮርኩ የሙዚቃና የሥነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያፈራቸው ናቸው። ጃክ ዴቪስም ጠዋት አንጀት ይሥላል፣ ከሰዓት ለ«ማድ» ያሾፋል። ያው እጅ፣ ያው ቀለም። የአስፈሪው ሠዓሊና የአስቂኙ ሠዓሊ ሁለት ሰዎች አልነበሩም።

ከዚያ ዶክተር ፍሬድሪክ ዌርታም መጣ።

ዌርታምን እንደ ተራ ቀልድ ጠል ማቅረብ ይቀላል። ግን ልክ አይሆንም። ጀርመን የተወለደ የአእምሮ ሐኪም ነው። ሌላው ሐኪም ጥቁር ታካሚን ዞር ብሎ በማያይበት ዘመን፣ በ1946 ሃርለም ውስጥ ለድሆች በሳንቲም የሚያክም ክሊኒክ ከፍቷል። በትምህርት ቤት የዘር መለያየት በልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥንቶ የሰጠው ምስክርነት፣ በሜይ 1954 መለያየቱን በሻረው የብራውን ክስ ውስጥ ገብቷል። በዚያው የጸደይ ወራት ነው እንግዲህ ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚለውን «ሰዳክሽን ኦፍ ዘ ኢኖሰንት» የተባለ መጽሐፉን ያወጣው። «ፋውል ፕሌይ»ም እዚያ ውስጥ አለ፤ ከነሥዕሉ። ቀልዱን ግን አላየውም። በ2012 ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የዌርታምን የግል ማኅደር መርምራ የልጆቹን ቃል እንደቀያየረና የተለያዩ ልጆችን ታሪክ እንዳቀላቀለ አሳይታለች። ደግ ሰው ለደግ ዓላማ ማስረጃ ሲያጣምም ማየት ከክፉ ሰው ይልቅ ያስፈራኛል።

ኤፕሪል 21 ቀን 1954 የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኒው ዮርክ ላይ ተቀመጠ። ጌይንስ ማንም ሳይጠራው በፈቃዱ ሊመሰክር ሄደ። የክብደት መቀነሻ ክኒን ይወስድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ተራው ሲደርስ ክኒኑ ከድቶት ሰውነቱ ዝሎ ነበር። ሴናተር ኬፎቨር አንድ ሽፋን ብድግ አድርገው አሳዩት፤ ደም የነካው መጥረቢያ የያዘ ሰው የተቆረጠ የሴት ጭንቅላት በጸጉሩ አንጠልጥሏል። ይህ ጨዋነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን፣ አዎ፣ አለ። ጨዋነት የሚጎድለው ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ ደሙ ሲንጠባጠብ ቢታይ ነበር ሲል አስረዳ። በማግስቱ የኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ቀልደኛው አሳታሚ በሕይወቱ መቀለድ በሚገባው ሰዓት ቁም ነገረኛ ሆኖ ተገኘ።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ «መንግሥት ኮሚክን አገደ» ተብሎ የሚያልቅ ይመስለዋል። አላገደም። ሴኔቱ ሕግ አላወጣም። ያገዱት አሳታሚዎቹ ራሳቸው ናቸው! ጌይንስ የሙያ ባልደረቦቹን «ተባብረን እንታገል» ብሎ ሰበሰባቸው፤ እነሱ ግን ተባብረው ማኅበር አቋቋሙ፣ ዳኛ ቀጠሩ፣ በኦክቶበር 1954 የራሳቸውን ደንብ አወጡ። በርዕስ ላይ «ሆረር» እና «ቴረር» የሚሉ ቃላት ተከለከሉ። ቫምፓየር፣ ከመቃብር የሚነሳ ሙት፣ ሰው በላ፣ ሁሉም ተከለከለ። የማኅበሩ ማኅተም የሌለውን መጽሔት ብዙ አከፋፋይ አይነካውም ነበር። ክልከላው የጌይንስን ገበያ ክፉኛ የመታ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ሰው ሳይነግረን በፊት ራሳችን እናጥፋው ነበር ነገሩ።

ላጲሱ አንዴ ከተነሳ የት እንደሚደርስ ለማየት በ1956 የሆነውን እዩ። ኢ.ሲ. «ጀጅመንት ዴይ» የተባለ የቆየ ታሪኩን እንደገና ሊያትም አቀረበ። ከምድር የመጣ ጠፈርተኛ ብርቱካናማና ሰማያዊ ሮቦቶች ተለያይተው የሚኖሩበትን ፕላኔት ይጎበኛል፤ ይህ አድልዎ ሳይቀር ከእኛ ጋር መቀላቀል አትችሉም ብሏቸው ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው። ደም የለ፣ ሬሳ የለ። ዳኛ መርፊ ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን አይችልም አለ። ጌይንስ ለጋዜጣ እናገራለሁ ብሎ ሲጮህበት፣ እንግዲያው ፊቱ ላይ ያለውን ላብ አጥፉ አለ። ላብ! ጌይንስ ሳያጠፋ አሳተመውና ኮሚክ ማተሙን በዚያው ተወው።

በነገራችን ላይ በሽታው በአሜሪካ አልቀረም። በ1954 ሴፕቴምበር ግላስጎ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ዱላና ቢላ ይዘው አንድ የመቃብር ስፍራ ወረሩ። ሁለት ልጆች የበላ፣ ቁመቱ ሰባት ጫማ የሆነ፣ የብረት ጥርስ ያለው ቫምፓየር እያደኑ ነበር። የጠፋ ልጅ አልነበረም። ጥፋተኛው የአሜሪካ ኮሚክ ነው ተባለ፤ በ1955 ብሪታንያ አስፈሪ ኮሚክን የሚከለክል ሕግ አወጣች።  የብረት ጥርስ ያለው አውሬ ግን ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 ላይም ይገኛል።

ከእሳቱ የተረፈው ምን መሰላችሁ? ቀልዱ። «ማድ» በ1955 መጠኑን አሳድጎ፣ ዋጋውን 25 ሳንቲም አድርጎ መጽሔት ሆነ፤ ደንቡ የሚሠራው በኮሚክ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነበርና ማንም አልነካውም። ይህ የተደረገው ደንቡን ለማምለጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ጌይንስ ግን ኩርትዝማን ለሌላ መጽሔት ጥሎት እንዳይሄድ እንደሆነ ተናግሯል። የሆነ ሆኖ፣ የአስፈሪ መጽሔቱ አዘጋጅ ፌልድስታይን ከ1956 ጀምሮ ከሩብ ክፍለ ዘመን በላይ «ማድ»ን መራው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ይሸጥ ነበር። ጃክ ዴቪስም የታይም መጽሔትን ሽፋን የሚሥል ትልቅ ሰው ሆነ። የመቃብር ቤቱ ጠባቂ ራሱ በ1989 በቴሌቪዥን ተመለሰ፤ እየቀለደ። ደንቡ እየላላ ኖሮ በ2011 የመጨረሻዎቹ ሁለት አሳታሚዎች ሲተዉት ሞተ።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው ጋሼ፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የኮሚክ መጽሐፍ ባህላችን ገና ልጅ ነው፤ በስራት ደበበ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው በ2018 ነው። ግን ጅቡስ? አያ ጅቦን የፈጠረው ማን ነው? ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል እኮ ሰው በላው አውሬ በር ላይ ቆሞ፣ እንግዳ መስሎ፣ መኝታ እየጠየቀ ነው። አንጥፉለትና ቁርበቱ ያድር እንደሆነ እናያለን! አህያዋም ብትሆን «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የምትለው ልትበላ ስትል ነው። አያቶቻችን ይህን ያወሩልን የነበረው መብራት በሌለበት፣ ውጭ የእውነቱ ጅብ እየጮኸ ነው። አንዳቸውም «ወይ አስፈሪ ወይ አስቂኝ» አላሉም።

ሥዕሉም ቢሆን አለ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ 44 ቦታ ከፍሎ በተራ የሚተርከውን ሥዕል የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ የበላዔ ሰብእ ታሪክ አለ፤ 78 ሰው የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑን ሲደፋለት። ይህ ለምእመኑ እምነት ነው፤ ከቀልድ ጋር አላስተካክለውም። የምለው፣ ያንን ሰው በላ ሥዕል ከልጆች ዓይን የጋረደ ቄስ አላየሁም።

እዚህ ስደርስ ነው ልጅቷ ብድግ ብላ እርሳሷን ያነሳችው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ደጉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። «የኔ ጅብ ስንት ዓይን ይኑረው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ከትናንት ወዲያ በቴሌግራም አንድ ገጽ ላከችልኝ። ዘበኛው በጎን ነው፣ በአንድ ዓይኑ፣ የሚቀጥለው ሳጥን ላይም በአንድ ዓይኑ፣ የነዋሪውን መዝገብ ይዞ ስም እየሰረዘ። ሦስተኛው ላይ ፊቱን ወደ እኛ መልሷል። ሁለት ዓይን። እጁ ላይ የሕፃኑ ጫማ አለ፤ ከሥሩም ያጠፋችው ቀልድ ተመልሶ ተጽፏል፦ «የዚህኛው መዋጮ ግማሽ ነው።»