ደረቅ ጠጅ፣ ነጭ ወይን እና እኛ የመካኒሳ ልጆች

ዛሬ ፖለቲካ የለም (ትንሽ እረፍት ይገባናል)። የምናወራው ስለ ወይን ነው፤ ያውም ስለማንወደው ወይን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ መካኒሳ አካባቢ ተሰብስበን ዓሣ ጥብስ አዘዝን። ከመካከላችን አንዱ “ዛሬስ እንደ ሰው ነጭ ወይን እንጠጣ” አለ። “ድራይ” የሚባለው መጣ። ቀመስነውና ፊታችን ሎሚ እንደላሰ ሕፃን ተጨማደደ። “ይሄማ ኮምጣጤ ነው!” ተባለ። ስፕራይት ታዘዘ፣ ወይኑ ላይ ተገለበጠ፣ ሰላም ወረደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነን። ንፋስ ስልክ ላፍቶ እኮ የአንጋፋው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ሰፈር ነው፤ መካኒሳ ላይ። በወይን ጠጅ ፋብሪካ አጥር ሥር አድገን ወይን ያለ ለስላሳ የማይወርድልን ለምንድን ነው? መልሱን ከታሪክ ፈለግነው።

ወይን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ (ፔሪፕለስ ይሉታል) ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የጣሊያንን ወይን ይቆጥራል። መጠኑ ግን ብዙ እንዳልነበር አብሮ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ የቅዳሴው ወይን ከተዘፈዘፈ ዘቢብ እንደሚዘጋጅ ጽፏል። ዛሬም የቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ይኸው ነው። የዘቢብ ጭማቂ ደግሞ ጣፋጭ ነው።

በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ግብር የነገሠው ግን የማር ጠጅ ነበር። ስለዚህ የወይኑ መጠጥ ሲመጣ ምን ብለን ጠራነው? “ወይን ጠጅ”! ስሙ ራሱ ጠጅ ነውና ምላሳችን ማር ጠበቀ። የአዋሽ ምርቶች ሲነሡም በብዙዎቻችን አፍ ላይ ቀድመው የሚመጡት ቀዩ ጉደርና ጣፋጩ አክሱማይት ናቸው። ደረቁን ነጭ፣ አዋሽ ክሪስታልን፣ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ፋብሪካው ለአሥርት ዓመታት በመንግሥት እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ተዛወረ። ከገዢዎቹ አንዱ ባለሀብቱ ሙሉጌታ ተስፋኪሮስ ሲሆኑ ሌላው ኤይት ማይልስ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር። የድርጅቱ ሊቀ መንበር ማን መሰላችሁ? ቦብ ጌልዶፍ! በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ለተራበው ወገናችን በዓለም መድረክ የዘፈነው ሰው የሰፈራችን ወይን ባለድርሻ ሆኖ መጣ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ (ባቱ) ላይ ያለማውን ወይን ለገበያ አቀረበ። ከቀዮቹ ጎን ሻርዶኔ የተባለ ነጭ ወይንም ነበረው።

ታዲያ “ድራይ” ምንድን ነው? ነገሩ ቀላል ነው። እርሾ የወይኑን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስኳሩን በልቶ ከጨረሰ ወይኑ “ደረቀ” ይባላል። በአውሮጳ መለኪያ በተለምዶ በሊትር ከ4 ግራም ያልበለጠ ስኳር ሲቀረው ነው።

እዚህ ላይ ነው ያፈርነው። ላፍቶ ካለ አንድ ጠጅ ቤት ገብተን ብርሌ ስናዝዝ አሳላፊዋ ምን ብላ ጠየቀችን? “ለስላሳ ነው ደረቅ?” ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አባት ፈገግ ብለው “ለልጆቹ ለስላሳ ስጫቸው፣ ለእኔ ደረቁን” አሉ። አያችሁ! ማሩ ተብላልቶ ያለቀበት፣ የጌሾው ምሬት የወጣበት ጠጅ በአባቶቻችን አፍ ስሙ “ደረቅ” ነው። “ድራይ” ብለን የፈረንጅ ያደረግነው ጣዕም በቋንቋችን ስም ነበረው። የጠፋው ጣዕሙ ሳይሆን የእኛ ትዕግሥት ነው።

ለመሆኑ ከምን ጋር ይሄዳል? መጀመሪያ ከዓሣ ጋር። ዓሣ ጥብስ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ለምንድን ነው? ቅባቱን እንዲቆርጥልን አይደል? የነጩ ወይን ጎምዛዛነት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቀይ ወይን ግን ከዓሣ ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ ብረት ብረት ሊል ይችላል። የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ ከዝዋይ ወይን ጋር ቢቀርብ እንግዲህ ጎረቤታሞች ተገናኙ ማለት ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትተናል።) አይብ፣ ጎመን፣ የድንች አልጫም ይስማሙታል። ዶሮ ወጥ ላይ ግን አትድከሙ! አልኮል የበርበሬን ቃጠሎ ያባብሳል፤ ስኳር ግን ያበርደዋል። ለዶሮ ወጥ ጣፋጭ ጠጅ የመረጡት እናቶቻችን ትክክል ነበሩ።

ደግሞ ይቀዝቅዝ፤ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃል። የቅዳሜው ወይናችን ለብ ያለ ነበር። ለካ ጥፋቱ ሁሉ የወይኑ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንሞክራለን፤ ያለ ስፕራይት። ፊታችን ከተጨማደደ እንነግራችኋለን። እስከዚያው ግን እናንተ ጠጅ ቤት ስትገቡ የትኛውን ነው የምታዝዙት? ለስላሳ ወይስ ደረቅ?

ቸር ይግጠመን!