ሴፍቲኔት በጋምቤላ፦ ከኮሮና በፊት የተሞላ መዝገብ

በጋምቤላ ክልል የእርዳታ እህል ከመንግሥት ሴፍቲኔት በፊት የደረሰው ለስደተኛ ነው። በ1970ዎቹ የኢታንግ ካምፕ የሱዳን ስደተኞችን ሲቀልብ፣ ለአገሬው ድሃ ተመሳሳይ ቋሚ ድጋፍ አልነበረም። የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ሲጀመር ወረዳዎች የተመረጡት በተከታታይ ዓመታት በተቀበሉት የምግብ እርዳታ ነው። የባሮ ወንዝ ጎርፍ በቆሎውን የሚወስድበት የጋምቤላ ገበሬ በዚህ መለኪያ አልተገኘም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ሲሞከርም የተመረጡት እነዚያው 4 ክልሎች ነበሩ።

በሩ የተከፈተው ለከተማው ብቻ ነው። በ2009 የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ጋምቤላ አንዷ ሆነች። ለፕሮግራሙ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። መሥራት የሚችል የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን መንገድ ይጠርግ፣ ቦይ ያጸዳ ነበር፤ የቀን ክፍያው መጀመሪያ ላይ 60 ብር ነበር። ከአንድ ቤት ቢበዛ 4 ሰው ይሰለፍ ስለነበር የወሩ ጣሪያ 1,200 ብር፣ ከእሱም 20 በመቶው ቁጠባ ነበር። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኙ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶችና የየብስ ድንበሮች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ከጋራ ሥራ ነፃ ሆነው የ3 ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲያገኙ ተወሰነ። ውሳኔው ፈጣንም ብልህም ነበር፤ አዲስ ምዝገባ አላስፈለገውም። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። በግማሽ ተሳፋሪ እንዲሠራ የተገደደው ባጃጅ ነጂ፣ ደንበኛ የራቃት የመንገድ ዳር ቡና ሻጭና የቀን ሠራተኛ፣ ከወረርሽኙ በፊት መዝገብ ላይ ካልሰፈሩ፣ የሚጠብቁት የጎረቤትን ማዕድ ማጋራት ነበር። የላሬና የጂካዎ ወረዳዎች የገጠር ነዋሪ ደግሞ መመዝገቢያውም አልነበረውም። በ2013 የከተማው ፕሮግራም ወደ 83 ከተሞች ሲሰፋ፣ የገጠሩ 5ኛ ምዕራፍ አሁንም ጋምቤላን ሳያካትት ጀመረ።

በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በንጉኔል ካምፖች የነበሩት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በሌላ መዝገብ ይተዳደሩ ነበር። በክልሉ የነበረው ስደተኛ ከ300,000 በላይ ሲሆን፣ በ1999 ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ራሱ 307,000 ገደማ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብት ቢሰጣቸውም አብዛኞቹ የሚኖሩት በዓለም ምግብ ፕሮግራም ራሽን ነው። ለጋሾች ሲሳሱ ራሽኑ በ2014 መጀመሪያ በ40 በመቶ፣ ሰኔ ላይ በ50 በመቶ ተቀነሰ።